ብራንድ በብራንድ፦ ከመንገዳችን መኪኖች የማን ፊት ያምራል?

ፓውዛ ሶማሌ ተራ

ሰላም ለሁላችሁ። መርካቶ ሶማሌ ተራ የፊት መብራት፣ ባምፐር፣ ግሪል (በሁለቱ መብራቶች መሃል ያለው አየር ማስገቢያ) እና ኮፈን እሸጣለሁ። የሱቄ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የመኪና ፊት ነው። ሰው መኪና ሊገዛ ሲያስብ የነዳጅ ፍጆታውን፣ መለዋወጫውን፣ ነገ ቢሸጠው ስንት እንደሚያወጣ ይጠይቃል። ስለ ፊቱ ግን «ያምራል» ወይም «ይደብራል» ብሎ ያልፋል። እኔ ጠዋት ሱቅ ከፍቼ ማታ እስክዘጋ የማገላብጠው ይኼንኑ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ በደንብ ብንከራከርበት ደስ ይለኛል።

ጥያቄዬ፦ ተራ ሰው ከሚነዳቸው ብራንዶች የማን የፊት ዲዛይን ይበልጣል? ደረጃ ስጡ፣ ምክንያታችሁንም ጻፉ። መርሴዲስ፣ ቢኤምደብሊውና ሬንጅ ሮቨር አይገቡም። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ስትሄዱ በየትራፊክ መብራቱ አጠገባችሁ የሚቆመው ነው የሚወዳደረው። ደግሞ አንድ ቆንጆ ሞዴል ይዛችሁ ብራንዱን አንደኛ አታድርጉ፤ ቤተሰቡን በሙሉ እዩ። አርማውን በእጃችሁ ሸፍናችሁ የማን መኪና እንደሆነ ካወቃችሁት ያ ብራንድ ፊት አለው ማለት ነው።

የእኔን ልጀምር። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

አንደኛ ኪያ። የድሮዎቹን ኪያዎች አርማቸውን ብትነቅሉ ማንነታቸው አይታወቅም ነበር። በ2006 ኦዲ ቤት የነበረውን ጀርመናዊ ዲዛይነር ፒተር ሽራየርን አመጡ። በ2007 ፍራንክፈርት ላይ ባሳዩት የሙከራ መኪና «የነብር አፍንጫ» የሚባለውን ግሪል አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ከትንሿ ፒካንቶ እስከ ትልቁ ሶሬንቶ ድረስ አልለቀቁትም። የ2011ዷን ፒካንቶ ግሪል አንድ ቀን ከመኪናው ፈትታችሁ በእጃችሁ ያዙት። ቀጭን ናት፣ ላስቲክ ናት፣ ክብደት የላትም። መሃሏ ላይ ግን ከላይም ከታችም ወደ ውስጥ ትንሽ ገባ ይላል። ያቺ ሁለት ጣት የማትሞላ እጥፋት ናት ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ «ኪያ ናት» የምታስብላችሁ። ጌጥ ሳያበዙ ፊት መስጠት ማለት ለእኔ ይኼ ነው።

ሁለተኛ ሱዙኪ። ዲዛየርን የራይድ መኪና ስለሆነች በየቀኑ እያየናት ሰልችታናለች፣ እውነት ነው። ቆም ብላችሁ እዩዋት ግን። ባለ ስድስት ጎኑ ግሪል ዙሪያውን በክሮም ተከቦ፣ መብራቶቹ ፓራፋንጎውን ተከትለው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ ሳይበዛባቸው ይቆማሉ። ስዊፍት ያቺው ናት፣ ትንሽ ቆጣ ብላ። ጂምኒ ክብ መብራትና አምስት ቁም ክፍተት ይዛ መጥታ ሰዉን ሁሉ አስደነገጠች። ኤስ-ፕሬሶ አትመቸኝም፣ ፊቷ ለቁመቷ ጠቧታል። እሷ ባትኖር ሱዙኪ ከኪያ ጋር ይተናነቅ ነበር።

ሦስተኛ ቮልስዋገን። ከ2016 ዓ.ም. ጥር ወዲህ፣ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ በኋላ ማለቴ ነው (ይኼኛው በእኛ አቆጣጠር)፣ አይዲ ፎር ከተማውን ሞልታለች። ኤሌክትሪክ ስለሆነች ትልቅ ራዲያተር የላትም፣ ስለዚህ ከላይ አፍ አያስፈልጋትም። ከመብራት መብራት ቀጭን መስመር ዘርግተው ዝም አሉ። የድሮዋ ቮልስም ግሪል አልነበራትም፤ ሞተሯ ከኋላ ነበር፣ የሚያቀዘቅዘውም አየር ነው። ፊቷ ባዶ የሆነው ምክንያት ስላለው ነው፣ የአይዲ ፎርም እንዲሁ። በዚህ አከብራቸዋለሁ። በነገራችን ላይ ባምፐር ፍለጋ የምትመጡ ሰዎች፣ ከቻይና የሚመጣው አይዲ ፎር ሁለት ዓይነት ነው፤ ክሮዝና ኤክስ። የፊት ባምፐራቸው ይለያያል። ከቤት ሳትወጡ የኋላ ጽሑፉን ፎቶ አንሱ።

አራተኛ ሀዩንዳይ። እያንዳንዱን ለብቻው ስታዩት ያምራል፣ ሲደረደሩ ግን አይተዋወቁም። ማራቶን ሞተር እዚህ የገጣጠማት ኤሌክትሪኳ አዮኒክ ፊቷ ድፍን ነው። ከ2020 ወዲህ ያለው ተክሰን ደግሞ የቀን መብራቱን ግሪሉ ውስጥ ደብቆታል፤ ሲጠፋ የግሪሉ ክፍል ይመስላል፣ ሲበራ ክንፍ ይሆናል። መጀመሪያ ሳየው አብርቼ አጥፍቼ አልጠግበው አልኩ።

አምስተኛ ቶዮታ። አውቃለሁ፣ አሁን ስድብ ይመጣል። ስለ ሞተሩና ስለ ጽናቱ የሚከራከር የለም፤ የምናወራው ስለ ፊት ነው። 70 ላንድክሩዘር ብቻውን ቢወዳደር አንደኛ ነበር፤ ከ1984 ጀምሮ መልኩ ብዙም አልተለወጠም፣ በ2023 ሲያድሱትም መልሰው ክብ መብራት ሰጡት። ግን ቤተሰቡን ተመልከቱ። የ2014ቱ ቪትዝ ፊቱ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት አስገቡበት። የ2019 ኮሮላ የታችኛው አፉ ከመብራቱ ጋር ምንም አይነጋገርም። በየሞዴሉ ሌላ ሰው የሣለው ይመስላል።

ስድስተኛ ቢዋይዲ። የኦዲና የአልፋ ሮሜዮ ዲዛይነር የነበረው ቮልፍጋንግ ኤገር ከመጣ በኋላ «የድራጎን ፊት» የሚሉትን አመጡ፤ ክሮሙ እንደ ጢም ወደ ግራና ቀኝ ይሄዳል። ሥራው ሥራ ነው፣ አልክድም፤ ግን ይበዛብኛል። ሲገል ግን ልዩ ናት። ሹል መብራት፣ አጭር ኮፈን፣ ድፍን አፍንጫ። ከተማ ውስጥ ካሉት አዳዲስ ትንንሽ መኪኖች ሁሉ ፊቷን የምወድላት እሷን ነው። ችግሩ የውቅያኖስ ስም ያላቸውና የቻይና ሥርወ መንግሥታት ስም ያላቸው ቢዋይዲዎች ሁለት የተለያየ ቤተሰብ መሆናቸው ነው።

እስኪ የእናንተን።

ሔሉ ቪትዝ

ወንድሜ፣ ቶዮታን አምስተኛ ስታደርግ የመጀመሪያዋን ቪትዝ ረሳህ ማለት ነው! የ1999ኟን፣ ድብልብሏን። የምነዳው እሷን ነው፣ ብርማ ናት። አርማው ካለበት ተነስተህ በጣትህ ኮፈኑን ይዘህ ብትወጣ እስከ መስታወቱ ድረስ አንድ መስመር ነው፤ የትም አይሰበርም። መብራቶቿ ትልልቅ ናቸው፣ ወደ ላይ ሰብሰብ ብለው ያያሉ። ግሪሉ ደግሞ ትንሽ ናት፣ አፏን ዘጋ አድርጋ የቆመች ትመስላለች። የሣላት ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ ነው። አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ ተሽጣ በ2000 የዓመቱ መኪና ተብላለች። ስንት ዘመናዊ መኪና አጠገቤ ሲቆም የማየው ተቆጥቶ ነው፤ ጥርሱን አሳይቶ። እኔ ሕዝብ ላይ የሚቆጣ መኪና መንዳት አልፈልግም።

ደረጃዬ፦ ቶዮታ፣ ቮልስዋገን፣ ሱዙኪ። የቀረውን አላውቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ የምትሸጠው መብራት ስለሆነ ነው። የቪትዟ መብራት ቢጫ ሆኖ ደብዝዟል፣ ማታ ቀለበት መንገድ ላይ መንገዱ አይታየኝም። መካኒኬ «አዲስ ግዢ» ይለኛል። ልግዛ?

ላሜራ ጎፋ

እኔ የምሠራው የተመታ መኪና ነው። አንተ የምታየው ከካርቶን የወጣውን ፊት ነው፣ እኔ የማየው ተመትቶ የመጣውን ነው። ስለዚህ ሚዛናችን ይለያያል።

የመኪና ፊት ውበት መስመሩ ላይ ነው ያለው። ኮፈኑና መብራቱ መሃል ያለውን ክፍተት እዩ፣ ከዚያ መብራቱና ባምፐሩ መሃል ያለውን። ከፋብሪካ ሲወጣ ግራና ቀኙ እኩል ነው። አንዴ ከተመታ በኋላ፣ ያልሆነ መብራት ከተገጠመበት፣ አንዱ ጥግ ሦስት ሚሊ ሌላው ስምንት ሚሊ ይሆናል። ሰው ምን እንደሆነ አያውቀውም፣ ግን ያ መኪና አያምረውም። ባምፐሩን የሚይዙት የላስቲክ ክሊፖች ይሰበራሉ፣ በሽቦ ይታሰራል፣ ከዚያ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ባምፐሩ ይወርዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ መኪና ነው መንጋጋው ወርዶ የሚሄደው!

ስለዚህ እኔ ደረጃ የምሰጠው ተመትቶ ወደ መልኩ ለሚመለስ ፊት ነው። ቶዮታ አንደኛ። ፓራፋንጎው ይቃናል፣ የመብራቱ መቀመጫ ቦታውን ይይዛል፣ ዕቃው ኦርጅናሉም ያገለገለውም ይገኛል። ዲኤክስ ኮሮላን ስንቴ አቃንቼ አስረክቤያለሁ፣ ባለቤቱ የቱ ጋ እንደተመታ ጠፍቶበት ይሄዳል። ሱዙኪ ሁለተኛ። ተክሰን የምትለው ግን ይቅርብኝ። ጥጉን ቢነካ ግሪሉም መብራቱም አብሮ ነው የሚሄደው፣ እኔ ጋ የመጣ ባለቤት ዋጋውን ሰምቶ አንገቱን ደፍቶ ነው የወጣው።

ደግሞ ለምን የዛሬ መኪና ፊቱ ከፍ ብሎ ያበጠ እንደሆነ ለማታውቁ፦ ከ2005 ወዲህ የአውሮፓ ሕግ እግረኛ ቢገጭ ጉዳቱ እንዲቀንስ ያስገድዳል። ኮፈኑና ሞተሩ መሃል ባዶ ቦታ መኖር አለበት፣ የሰው ጭንቅላት ብረት ላይ እንዳያርፍ። ዝቅ ያለ ሹል አፍንጫ የቀረው በዚህም ምክንያት ነው። ይኼንን እያወቅኩ የድሮውን ፊት አልመኝም።

ፓውዛ ሶማሌ ተራ

ላሜራ፣ የክፍተቱ ነገር በጣም ትክክል ነው። ሰው መብራት ሊገዛ ሲመጣ «ርካሹን ስጠኝ» ይላል፣ ርካሹ ግን የሚታሰርባቸው ጆሮዎቹ በሁለት ሚሊ ይዛባሉ፣ ያንተ ቤት ደግሞ በግድ ያስገቡታል። በዚህ እስማማለሁ። ግን መጠገን መቻሉ የጥራት ጉዳይ ነው። ፒካንቶ ተመትታ ባትመለስም ከመመታቷ በፊት ያማረች ናት። ቶዮታ በዚህ ምክንያት ከአምስተኛ አይነሳም።

ሔሉ፣ እህቴ፣ መብራቱ ካልተሰነጠቀና ውሃ ካላስገባ አትግዢ። የዛሬ መብራት መስታወት አይደለም፣ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ከፀሐይ የሚከላከል ስስ ሽፋን አለው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐዩ ያንን ሽፋን ቶሎ ይበላዋል። ቢጫ የሆነው የተበላው ሽፋን ነው። ዙሪያውን ቀለሙ እንዳይነካ በፕላስተር ያሽጉት፣ ውሃ እያደረጉ በ800 ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ1500፣ ከዚያ በ2000 ይሹት፣ በመጨረሻ በኮምፓውንድ ይወልውሉት። ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ክሊር፣ ማለትም ከፀሐይ የሚከላከል ግልጽ ቀለም፣ መቀባት አለበት። ብዙ ቦታ ወልውለው ብቻ ይሰጡሻል፣ ሲያበራ ደስ ይልሻል፣ ክረምት ገብቶ ሳይወጣ መልሶ ይደበዝዛል። የጥርስ ሳሙና የሚሉሽንም አትስሚ፣ ለሳምንት ነው። በጨለማ መንገዱ ካልታየሽ ግን እስኪሠራ ድረስ ማታ ባትነጂ ይሻላል።

ባለ ላዳው

ልጆች፣ እስካሁን ስታወሩ ስለ ላዳ ማንም አለማንሳቱ አሳዝኖኛል። ይህን ከተማ ስንት ዘመን ያመላለሰ መኪና ነው፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ። እኔም ልጆቼን ያሳደግሁት በእሱ ነው።

ላዳ ዝም ብሎ ሳጥን አይደለም። የመጀመሪያው፣ 2101 የሚባለው፣ ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተወሰደ ነው፤ ሩሲያ ውስጥ በ1970 ነው መመረት የጀመረው። ሁለት ክብ መብራት፣ መሃሉ ቀጥ ያለ ግሪል፣ ከሥር የብረት ባምፐር፤ አለቀ። ምንም የሚጨመርበትም የሚቀነስበትም የለም። በኋላ 2107 ሲመጣ ግሪሉን ትልቅና የሚያብረቀርቅ አደረጉት፣ ሰዉ ወደደው። እኔ ግን የምመርጠው ክብ መብራቱን ነው። መስታወት ስለሆነ ቢጫ አይሆንም፤ ድንጋይ ከሰበረው መስታወቱን ቀይረህ ትሄዳለህ። ጠዋት ጠዋት ባምፐሩን በጨርቅ ስወለውለው ፊቴን አይበት ነበር።

ከላዳ በላይ የማስቀምጠው ፔጆን ብቻ ነው። 404ን ፒኒንፋሪና ነው የሠራው፣ በ1960 የወጣ ነው። ከእሱ ቀጥሎ 504 መጣ፤ መብራቶቹ ወደ ጎን ሰያፍ ተቆርጠው፣ ከላይ የኮፈኑ ጠርዝ እንደ ቅንድብ ወርዶባቸው። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ካየሁ ቆሜ አየዋለሁ። የዛሬዎቹ ፔጆዎች ሦስት የአንበሳ ጥፍር የሚመስል መብራት አላቸው ሲሉ ሰማሁ፤ አይቼውም አልጠላሁትም። ፔጆ ሁልጊዜ ስለ ፊት የሚጨነቅ ቤት ነው።

ደረጃዬ፦ ፔጆ፣ ላዳ፣ ቮልስዋገን። ቻይናዎቹን ገና አልለመድኳቸውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

የምጽፈው ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው። ካነሳችኋቸው ውስጥ አንድ ብራንድ ጎድሏል፣ ማዝዳ። እዚያ ብዙም እንደማይገኝ አውቃለሁ፣ እዚህ ግን በየሰፈሩ አለ፣ የተራ ሰው መኪናም ነው። በ2010 ሺናሪ በሚባል የሙከራ መኪና «ኮዶ» የሚሉትን ዲዛይን አሳዩ፣ ኢኩኦ ማኤዳ በሚባለው ዲዛይነር መሪነት። ግሪሉን ከሥር የሚይዝ ክሮም አለ፣ ግራና ቀኝ ወጥቶ መብራቶቹ ውስጥ ይገባል። ግሪሉና መብራቱ አንድ ነገር ይሆናሉ። ባለቤቴ የምትነዳው ሲኤክስ ፋይቭ ቀይ ነው፤ አመሻሽ ላይ ኮፈኑ ላይ ብርሃኑ ሲሄድ ብረቱ የታጠፈ ነው ወይስ ቀለሙ ነው ያሰኛል። ጎኑ ላይ የሾለ መስመር አይበዛበትም።

የማነሳው ሌላ ነገር ታርጋ ነው። ሜሪላንድ የፊት ታርጋ ግዴታ ነው፣ እናንተም ጋ ያው ነው። ብዙ ዲዛይነር ፊቱን የሚሥለው ታርጋ የሌለ አስመስሎ ነው፤ ከዚያ ነጋዴው ግሪሉ መሃል ቀድዶ ይሰቅልበታል። ደረጃ ስትሰጡ ታርጋው ተለጥፎ እያያችሁ ይሁን። ሀዩንዳይ በዚህ ብዙ ይወድቃል፣ ኪያ ትንሽ። ማዝዳ ራሱ ነጥብ ይቀነስበታል፣ ባለቤቴ ብትቆጣም።

ቃልአብ ስድስት ኪሎ

ሔሉ «ሕዝብ ላይ የሚቆጣ» ያልሽው ነገር ጥናት አለው፣ ደግሞ እኛን የሚመለከት ነው። የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መኪናን ከፊት እያሳዩ ሰዎች ምን ዓይነት ባሕርይ እንደሚያዩበት ጠየቁ፤ በኦስትሪያ፣ ቀጥሎም በኢትዮጵያ ገጠር። ገጠሩን የመረጡት የመኪና ማስታወቂያና የመኪና ባህል ያልገባበት ቦታ ፈልገው ነው። ውጤቱ በ2012 ታትሟል። የሁለቱ አገር ሰዎች መልስ በጣም ተቀራራቢ ነበር። ዝቅና ሰፋ ያለ፣ መብራቱ ቀጠን ያለ፣ የታችኛው አየር ማስገቢያው ሰፊ የሆነ መኪና ሲያዩ ጎልማሳ፣ ኃይለኛ፣ ወንድ ነው ይላሉ። መስታወቱ ከፍ ያለ፣ መብራቱ ትልቅ የሆነውን ደግሞ ልጅ ነው ይላሉ።

ስለዚህ የቪትዝና የአዳዲሶቹ ልዩነት ጣዕም ብቻ ሳይሆን የዕድሜ ነው። የመጀመሪያዋ ቪትዝ በዚህ መለኪያ ሕፃን ናት። የእኔ ጥያቄ፣ ሰው መኪናው እንዲያምር ነው ወይስ እንዲፈራለት ነው የሚገዛው? እናንተ ሻጮቹ ይኼን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ።

ፓውዛ ሶማሌ ተራ

ቃልአብ፣ እንዲፈራለት የሚገዛ ብዙ ነው። ወጣቶች መጥተው ጥቁር ቅንድብ ይጠይቁኛል፤ መብራቱ ላይ ከላይ በሰያፍ የሚለጠፍ ላስቲክ ነው፣ ዓይኑን ያጠበዋል። የድብልብሏ ቪትዝ ባለቤቶች ጭምር ይገዛሉ። እሸጥላቸዋለሁ፣ ግን እንዲተዉት እነግራቸዋለሁ። ያ መብራት የተሠራው ክፍት እንዲሆን ነው፣ ከኮፈኑ ጋር የሚሄደው ክፍት ሲሆን ነው፤ ሲያጠቡት መስመሩ እዚያው ይሞታል። የተለጠፈበት ቦታ ደግሞ ብርሃን ይቀንሳል።

ጋሼ፣ ላዳን ባለማንሳቴ እንዳይቀየሙኝ፣ ዛሬ የሚሸጡትን ብቻ አስቤ ነው። እርስዎ የገለጹትን የ504 ኮፈን ጠርዝ ግን ማንም እንደዚያ አድርጎ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። አንድ ያገለገለ የ504 ግሪል ሱቄ ጀርባ አለኝ፣ ለሽያጭ አላወጣሁትም። በዚህ በኩል ካለፉ ይምጡና ይዩት። ፔጆን ሦስተኛ አስገብቼ ቮልስዋገንን ወደ አራተኛ አውርጄዋለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማዝዳን እዚህ በበቂ ስለማላየው ደረጃ አልሰጠውም። የታርጋው ሐሳብ ግን ግሩም ነው፣ ነገ ሱቅ ስገባ ሁሉንም እንደዚያ ነው የማያቸው። ሲገልን ገና አሁን ሳስባት የታርጋው ቦታ ድፍን ላስቲክ ላይ ነው፣ ምንም አይሸፍንባትም። ይኼ ለቢዋይዲ ትልቅ ነጥብ ነው፤ ከቶዮታ አሳልፎታል።

ላሜራ ጎፋ

ቢዋይዲ ከቶዮታ በላይ? ኧረ ተው! ቅዳሜ ከሰዓት ሲገል ባምፐር ልወስድ እመጣለሁ፣ ያንን የ504 ግሪል ደግሞ አሳየኝ። እዚያው እንጨርሰዋለን።